የእሳት ዳር ተራኪው፦ «ጃርቱ ሃንስ» በቴሌቪዥን

ከሚነድ ምድጃ ዳር አንድ ሽማግሌ በትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አፍንጫው የረዘመ፣ ጆሮው የሰፋ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ ነው። አጠገቡ ጺማም ውሻ አለ። ውሻው ያደምጣል፤ ይጠይቃል፤ የሰማው ነገር ካልተዋጠለትም ይከራከራል። ሽማግሌው ልጅ አጥተው ስለተከዙ አንድ ገበሬና ሚስቱ መተረት ይጀምራል።

ይህ ተራኪና ይህ ውሻ የሚገናኙበት ተከታታይ ፊልም «ዘ ስቶሪቴለር» ይባላል። ጂም ሄንሰን የተባለው ታዋቂ አሜሪካዊ የአሻንጉሊት ባለሙያ በእንግሊዝ አገር ያሠራው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል «ጃርቱ ሃንስ» በጥር ወር 1987 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ቀረበ። ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ያም ሆኖ ተረትን በምስል ማቅረብ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ምክንያቱም በዚህ ክፍል ውስጥ ትወናው፣ አሻንጉሊቱ፣ መብራቱና ሙዚቃው አንድ ስምምነት ላይ ደርሰዋል፤ ቃል የሚችለውን ለቃል፣ ምስል የሚችለውን ለምስል መተው። ስምምነቱ እንዴት እንደሠራ አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ሐሳቡን ያመጣችው የጂም ሄንሰን ልጅ ሊሳ ናት። ሊሳ ሄንሰን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ቃልና አፈ ታሪክ አጥንታለች። ተረቶች በመጽሐፍ ከመታተማቸው በፊት በሰው አፍ እንደኖሩ፣ አብዛኞቹም በልጆች ፊልሞች ከምናውቃቸው ይልቅ ጠቆር ያሉና ጥልቅ እንደሆኑ ተምራ ነበር። አባቷ ደግሞ ያን ጊዜ እጁ ላይ ትልቅ ሀብት ነበረው። «ሴሳሚ ስትሪት» እና «ዘ ማፔት ሾው» በተባሉት ዝግጅቶች ዓለም ያወቀው ሄንሰን፣ «ዘ ዳርክ ክሪስታል» (1982) እና «ላብሪንዝ» (1986) የተባሉትን ፊልሞች ሲሠራ ለንደን ውስጥ የፍጡራን መሥሪያ አውደ ጥናት አቋቁሟል። በዚያ ቤት ቀራጮች፣ ሰፊዎች፣ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎችና የአሻንጉሊት ተዋንያን ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። ለተረት የሚያስፈልገው ሁሉ ተዘጋጅቷል፤ የቀረው ተረቱን የሚናገር ብዕር ነው።

ያ ብዕር አንቶኒ ሚንጌላ ሆነ። ሚንጌላ ያኔ ለመድረክ፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የሚጽፍ ወጣት ጸሐፌ ተውኔት ነበር፤ የተከታታዩን ዘጠኝ ክፍሎች በሙሉ እሱ ጻፈ። «ጃርቱ ሃንስ»ን ያዘጋጀው ዳይሬክተር ስቲቭ ባረን ሲሆን፣ ሙዚቃውን የደረሰችው ራሄል ፖርትማን ናት። ሦስቱም ገና በሥራ ሕይወታቸው ማለዳ ላይ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1997 በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት፣ ሚንጌላ «ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት» በተባለው ፊልም በምርጥ ዳይሬክተርነት፣ ፖርትማን ደግሞ «ኤማ» ለተባለው ፊልም በሠራችው ሙዚቃ በአንድ ምሽት ተሸለሙ።

አሮጌው ተረት፣ አዲሱ አተራረክ

«ጃርቱ ሃንስ» የጀርመን ተረት ነው። ወንድማማቾቹ ያዕቆብና ቪልሄልም ግሪም በ1815 ባሳተሙት ሁለተኛ ቅጽ ውስጥ ይገኛል። የነገሯቸው ወይዘሮ ዶሮቴያ ፊማን ይባላሉ፤ በካሰል ከተማ አቅራቢያ የሚኖሩ የልብስ ሰፊ ሚስት ነበሩ፤ የጓሯቸውን ምርት ወደ ከተማ እያመጡ ይሸጡ ነበር። ወንድማማቾቹ ስለ እኚህ ሴት በአድናቆት ጽፈዋል። መጀመሪያ ተረቱን በነጻነት ያወርዱታል፤ ሲጠየቁ ደግሞ ጸሐፊው እንዲደርስባቸው ቀስ ብለው ይደግሙታል። ቃል ከተሳሳቱም ራሳቸው መልሰው ያርማሉ። ተከታታዩ የተራኪን ወንበር ከሁሉ በፊት ማስቀመጡ እንግዲህ የታሪክ መሠረት አለው። ከመጽሐፉ ጀርባ አንድ የሚናገር ሰው ነበር።

ተረቱ በሚንጌላ አጻጻፍ እንዲህ ይሄዳል። የገበሬው ሚስት ልጅ ከማጣቷ ብዛት፣ ጃርት እንኳ ቢሆን ልጅ ይሰጠኝ ብላ ትመኛለች። ምኞቷ ይሰማል፤ ጃርት የመሰለ ልጅ ትወልዳለች። እናት ትወደዋለች፤ አባት ያፍርበታል። ልጁ የሰው ፊት ሲከብደው በአውራ ዶሮ ላይ ተፈናጦ፣ ባግፓይፕ የሚባለውን የቆዳ ከረጢት ያለው ዋሽንት ይዞ ወደ ጫካ ይገባል። ከዓመታት በኋላ መንገድ የጠፋበት ንጉሥ የሙዚቃውን ድምፅ ተከትሎ ይመጣል፤ ጃርቱ ያስተናግደዋል። ለውለታው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ንጉሡ ቤቱ ሲደርስ ቀድሞ የተቀበለውን። ንጉሡ ውሻዬ ይሆናል ብሎ ቃል ይገባል። ቀድማ እየሮጠች የምትቀበለው ግን ልጁ ናት።

ልዕልቲቱ የአባቷን ቃል አክብራ ጃርቱን ታገባለች። በሌሊት ባሏ የጃርት ቆዳውን አውልቆ መልከ መልካም ሰው ሲሆን ታያለች። ምሥጢሩን ለአጭር ጊዜ ብትጠብቅለት ከድግምቱ ነጻ ይወጣል። ንግሥቲቱ እናቷ ግን ምሥጢሩን ታወጣጣታለች፤ ቆዳውን አቃጥይው ብላም ትመክራታለች። ልዕልቲቱ ቆዳውን እሳት ውስጥ ስትጥለው፣ የሚቃጠለው ቆዳው ብቻ ሳይሆን እሱም ጭምር ነው። እያቃሰተ ይሰወራል። እሷም የብረት ጫማ አሠርታ ፍለጋ ትወጣለች፤ ሦስት ጥንድ ጫማ እስኪያልቅ ዓለምን ትዞራለች፤ በመጨረሻም ታገኘዋለች።

ግሪሞች የጻፉትን የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያያል። በመጽሐፉ ውስጥ ጃርት ይሁን ብሎ የሚመኘው በጎረቤት ሐሜት የተበሳጨው አባት ነው። ነገሥታቱ ሁለት ናቸው፤ የአባቷን ቃል ያላከበረችው የመጀመሪያዋ ልዕልት በእሾህ ተወግታ ስትባረር፣ የታመነችው ሁለተኛዋ ትሸለማለች። ቆዳውም የሚቃጠለው በራሱ በሃንስ ትእዛዝ ነው። ሚንጌላ ሁለቱን ልዕልቶች አንድ አደረጋቸው፤ የጠፋ ባል ፍለጋን ከሚናገሩ ሌሎች የአውሮፓ ተረቶችም የብረት ጫማውን ወስዶ አከለበት። ይህ ለትወና የማይተመን ስጦታ ነው። አንዲት ሴት ታምናም ከድታም፣ ከዚያም ክህደቷን በእግሯ ከፍላ የምትታይበት ሚና ተገኘ። እንዲያ ያለውን ሚና ያገኘችው ወጣቷ ተዋናይት አቢጌይል ክሩተንደን ናት።

ሽማግሌውን የሆነው ሰው

ተራኪው ጆን ኸርት ነው። ኸርት በወፍራም የፊት ሜካፕ ሥር መተወን አዲሱ አልነበረም። በ1980 በወጣው «ዘ ኤሌፋንት ማን» ፊልም ፊቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ተሸፍኖ ተመልካችን ያስለቀሰና ለኦስካር የታጨ ተዋናይ ነው። ለመሥራት በየቀኑ ለሰዓታት በሜካፕ ወንበር መቀመጥ ነበረበት። በዚያ ፊልም የተማረውን እዚህ ይዞት መጣ። ጭንብል ሲበዛ ተዋናዩ ፊቱን ማጋነን የለበትም፤ ዓይኑንና ድምፁን ማመን አለበት።

የተራኪው አፍንጫና ጆሮ የተሠሩት ሰውየውን አስቀያሚ ለማድረግ ወይም ለማሳቅ አይደለም። ሽማግሌው ራሱ ከሚተርከው ዓለም የመጣ እንዲመስል ነው። አፍንጫው ከተራ ሰው ትንሽ ይረዝማል፤ ከጭራቅ ግን በጣም ያጥራል። ስለዚህ በእኛና በጃርቱ መካከል እንደ ድልድይ ይቆማል። እሱን ያመነ ዓይን ቀጥሎ የሚመጣውን ጃርት ለማመን አይቸገርም።

ድምፁ ደግሞ የክፍሉ ዋና መሣሪያ ነው። የኸርት ድምፅ ሻካራ፣ ሞቃት፣ በትንሹ የተሰበረ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት፣ ከጩኸት ወደ ዝምታ ይሻገራል። የገበሬውን ሚስት ናፍቆት ሲናገር ሴትዮዋን ለመምሰል ድምፁን አያቀጥንም፤ ናፍቆቱን ብቻ ይወስዳል። ይህ የጥሩ ተራኪ ምልክት ነው፤ ገጸ ባሕርይውን ይጠቁማል እንጂ ራሱን አያጠፋም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተመልካችም ይህን ጥበብ ከሩቅ ያውቀዋል። አባባ ተስፋዬ ለአሥርተ ዓመታት በልጆች ፊት ተቀምጠው ሲተርቱ፣ ተመልካቹን የያዘው ከጀርባቸው ያለው ማስጌጫ ሳይሆን አንደበታቸውና ፊታቸው ነበር።

ውሻው እንዴት ይናገራል?

የተራኪው ውሻ አሻንጉሊት ነው፤ የሚያንቀሳቅሰውም ድምፁን የሚሰጠውም የጂም ሄንሰን ልጅ ብራያን ነው። የአሠራሩን ነገር ቀረብ ብለን እንይ።

በሄንሰን አውደ ጥናት እንዲህ ያለ ፍጡር ሲሠራ መጀመሪያ ጭንቅላቱ በሸክላ ይቀረጻል። ከሸክላው ላይ ቅርጽ ማውጫ ይወሰድና ፎም ላቴክስ የሚባለው እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ ጎማ ይፈስበታል፤ በምድጃ ተጋግሮም ቆዳ ይሆናል። ቆዳው በጠንካራ የራስ ቅል ላይ ይለበጣል። በራስ ቅሉና በቆዳው መካከል ትናንሽ ሞተሮችና ቀጫጭን ሽቦዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ቅንድብን፣ አንዱ የዓይን ሽፋንን፣ አንዱ ጆሮን ይስባል። ከዚያ በኋላ ጸጉሩ ይተከላል።

የአሻንጉሊቱ ተዋናይ ከካሜራው ዓይን ተደብቆ ከሥር ይሆናል፤ ስለዚህ የቀረጻው ወለል ብዙ ጊዜ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። እጁ በአሻንጉሊቱ አፍ ውስጥ ነው፤ አውራ ጣቱ የታችኛውን መንጋጋ፣ ሌሎቹ ጣቶች የላይኛውን ይይዛሉ። ዓይኑ ደግሞ አጠገቡ በተቀመጠ ትንሽ ሞኒተር ላይ ተተክሏል፤ ካሜራው የሚያየውን እሱም ያያል። ምስሉ እንደ መስታወት ስላልተገለበጠ ወደ ቀኝ የሄደ እጅ በሞኒተሩ ላይ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይህን መልመድ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። ቅንድቡንና ዓይኑን በርቀት መቆጣጠሪያ የሚያንቀሳቅሱ ሌሎች ባለሙያዎች ይኖራሉ። ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ካልሠሩ፣ አፉ ሲናገር ዓይኑ ሌላ ሐሳብ ያለው ይመስላል።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ዓላማ ነው፤ ማዳመጥ። ውሻው ከሚናገርበት ይልቅ የሚያዳምጥበት ጊዜ ይበልጣል፤ አሻንጉሊት ሲናገር ማሳመን ቀላል ነው፤ ሲያዳምጥ ማሳመን ግን የጥበቡ ጫፍ ነው። ተራኪው አንድ አስደንጋጭ ነገር ሲናገር የውሻው ጆሮ በትንሹ ወደ ኋላ ይላል፤ ራሱን ያዘነብላል። ኸርትም ውሻውን እንደ ሥራ ባልደረባ ያየዋል፤ ለእሱ ይተርካል፤ ጥያቄውን ከቁም ነገር ቆጥሮ ይመልስለታል። ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ጎማና ሞተሩን እንረሳለን።

ውሻው በድርሰቱ ውስጥ ያለው ሥራም ትልቅ ነው። ጃርት ከሰው እንዴት ይወለዳል? ልዕልቲቱስ ለምን ቃሏን አልጠበቀችም? እነዚህን ጥያቄዎች ተመልካቹ በሆዱ ከማሰላሰሉ በፊት ውሻው ይጠይቅለታል። ጥርጣሬያችን ድምፅ አገኘ ማለት ነው፤ ስለዚህ ይበርዳል፤ እኛም በሙሉ ልብ ወደ ተረቱ እንመለሳለን።

ጃርቱና ልዕልቲቱ

ጃርቱ በዚህ ክፍል ውስጥ የአራዊት ዘጋቢ ፊልም ጃርት አይደለም። በሁለት እግሩ ይቆማል፤ ይናገራል፤ ሙዚቃ ይጫወታል። ከራሱ እስከ ጀርባው እሾህ ለብሷል። ንድፍ አውጪዎቹ የተጋፈጡት ጥያቄ ይህ ነው፤ ልዕልቲቱ ልትፈራው ይገባል፤ እኛ ግን ልንወደው ይገባል። መልሱን ያገኙት እሾሁንና ዓይኑን በማጋጨት ነው። አካሉ ሁሉ አትንኩኝ ይላል፤ ዓይኑ ግን ርኅራኄ ይለምናል። ቆዳውን ሲያወልቅ የምናየው ሰው ተዋናዩ ጄሰን ካርተር ነው።

በጭንብል የሚተውን ሰው ፊቱ ስለተሸፈነ በቀረው ሰውነቱ ይናገራል፤ በአንገቱ፣ በትከሻው፣ በእርምጃው ፍጥነት። ጃርቱ የሚንቀሳቀሰው በዝግታ ነው። ማንንም ላለመውጋት እንደሚጠነቀቅ ሰው ሁሉ ከሰዎች ራቅ ብሎ ይቆማል። ብቸኝነቱን ማንም አይነግረንም፤ በእሱና በሌሎች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ራሱ ይነግረናል።

የክሩተንደን ትወና ደግሞ በተቃራኒው በራቁት ፊት ላይ የቆመ ነው። በዙሪያዋ ሜካፕ፣ እሾህና አሻንጉሊት በሞላበት ዓለም እሷ ያለ ጭንብል ትቆማለች። ስለዚህ ካሜራው ወደ እሷ ሲቀርብ ፊቷ ላይ የሚያልፈው ትንሽ ነገር ሁሉ ይታያል፤ ፍርሃት፣ ግዴታ፣ ከዚያም ያልጠበቀችው ርኅራኄ። ከሁሉ የሚበልጠው ትዕይንት የጫጉላው ሌሊት ነው። የተገፈፈው እሾሃማ ቆዳ በእሳቱ አቅራቢያ ወድቋል፤ ልዕልቲቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ነገር ታያለች፤ ባዶ ቆዳና የማታውቀውን ሰው። እዚህ ላይ አውደ ጥናቱ አስደናቂ የመለወጥ ትርዒት ማሳየት ይችል ነበር። አላሳየም። ቆዳው እንደ ወለቀ ልብስ ሲወድቅ ዓይናችን ከልዕልቲቱ ፊት አይነቀልም። ተአምሩ ያለው በእሷ ማየት ውስጥ ነው። በኋላም ቆዳው ሲነድ የሚያመን በእሳቱ ትልቅነት ሳይሆን፣ በዚያች በጎነቷን ባየንላት ልጅ እጅ በመሆኑ ነው።

ጥላና እሳት

የክፍሉን መልክ ያወጣው ስቲቭ ባረን ከዚህ ሥራ በፊት የሙዚቃ ቪዲዮ ዳይሬክተር ነበር። የማይክል ጃክሰንን «ቢሊ ጂን» ቪዲዮ ያዘጋጀው እሱ ነው፤ አሃ ለተባለው የኖርዌይ ባንድ የሠራው «ቴክ ኦን ሚ» ደግሞ በእርሳስ የተሣለ ሥዕል ውስጥ ሰው ሲገባና ሲወጣ ያሳያል። ከሥዕል ወደ ሥጋ፣ ከሥጋ ወደ ሥዕል መሻገርን የለመደ እጅ ወደ ተረት ሲመጣ የሚያደርገውን ያውቃል።

በ«ጃርቱ ሃንስ»ም ሆነ በተከታታዩ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ዘዴ ጥላ ነው። ሰዎችና እንስሳት በሚነድ ብርሃን ፊት እንደ ጥቁር ቅርጽ ይታያሉ፤ ዝርዝር የላቸውም፤ ቅርጻቸው ግን ይናገራል። በጀርመን ጥቁር ወረቀት በመቀስ ቆርጦ ሥዕል ማውጣት የቆየ ጥበብ ነው፤ ሎተ ራይኒገር የተባለችው የበርሊን ተወላጅ በ1926 «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች»ን በዚሁ ዘዴ ሠርታ የተረት ፊልምን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋዋለች። ጥላ ለተረት ይመቻል፤ ተረት የገበሬውን መልክ አይነግረንም፤ ገበሬ ነው ይለንና ያልፋል። የቀረውን የሚሞላው አድማጩ ነው። ጥላም ልክ እንደዚያው ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የመብራቱ አሠራር ነው። የተራኪው ክፍል ከእሳት የሚወጣ በሚመስል ቢጫና ቀይ ብርሃን ይሞቃል፤ ጥጋ ጥጉ ጨለማ ነው። ቀለማቱ ቡኒ፣ ወርቃማና ጥቁር ናቸው። ጨለማው ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ የአሻንጉሊቱን ስፌትና መጋጠሚያ ይደብቃል። ሁለተኛ፣ ከተራኪው ክፍል ወደ ተረቱ ዓለም መሻገር ቀላል ይሆናል፤ በጨለማው ውስጥ የሆነ ነገር ሲያበራ ጫካ ነው፤ ቤተ መንግሥት ነው፤ መንገድ ነው። ግድግዳ ማፍረስም ሆነ መገንባት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የቴሌቪዥን ሥራ አቅም ጠባብ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ለሁለት ሰዓት ፊልም የሚመደበው ገንዘብና ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ክፍል አይገኝም። አዘጋጆቹ ግን ጥበታቸውን በማስመሰል አልሸፈኑም፤ ተራኪ አለን፤ እሱ ይናገረው አሉ። ንጉሡ በጫካ ሲባዝን፣ ልዕልቲቱ አገር ለአገር ስትዞር፣ ኸርት በጥቂት ቃላት ዓመታትን ያሻግረናል፤ ካሜራው ደግሞ ቃል የማይችለውን አንድ ነገር ብቻ ያሳያል።

ከእነዚህ አንዱ ነገር የብረት ጫማው ነው። ጫማው ከባድ ነው፤ ለመሄድ ሳይሆን ለመቀጣት የተሠራ ይመስላል። ብረት በእግር ተራምዶ ያልቃል ማለት በአእምሮ የሚሰላ ነገር አይደለም፤ ያለቀውን ጫማ ማየት ግን ይቻላል። ተረቱ ሲያበቃ ተራኪው በሠርጉ ላይ ተገኝቶ ተረት እንደተረተ፣ ለዋጋውም ያንኑ ተራምዶ ያለቀ ጫማ እንደተሰጠው ይናገራል፤ ጫማውንም ያሳየናል። አንድ ቁራጭ ዕቃ ሦስት ሥራ ሠራ፤ ጊዜን ለካ፤ የልዕልቲቱን ንስሐ መሰከረ፤ ተራኪውንም ከተረቱ ዓለም ጋር አሰረው። ጥሩ የዕቃ ንድፍ ማለት ይህ ነው።

ሙዚቃውም በዚሁ ቁጥብነት የተሠራ ነው። ፖርትማን ስሜታችንን በጩኸት አትጎትተውም፤ በጃርቱ ባግፓይፕና በልዕልቲቱ ሐዘን መካከል ዜማ ትዘረጋለች። ንጉሡን ከጫካ ያወጣው ድምፅ ነውና፣ ሙዚቃ በዚህ ተረት ውስጥ ማጀቢያ ብቻ ሳይሆን ራሱም ገጸ ባሕርይ ነው።

ከዚያ በኋላ

«ጃርቱ ሃንስ» በ1987 በምርጥ የልጆች ዝግጅት ዘርፍ የኤሚ ሽልማት አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ተከታታዩ በእንግሊዝ ቻናል 4 ቀረበ። ከዘጠኙ ክፍሎች ጂም ሄንሰን ራሱ ያዘጋጃቸው ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በሩሲያ ተረት ላይ የተመሠረተው «ወታደሩና ሞት» ነው። ቦብ ፔክ የሚተውነው ወታደር ሞትን በከረጢት ውስጥ ያስራል፤ በዓለም ላይ የሚሞት ሰው ሲጠፋ የሚሆነውንም ያያል። በ«ሦስቱ ቁራዎች» ሚራንዳ ሪቻርድሰን ጠንቋይ ሆና፣ በ«እውነተኛዋ ሙሽራ» ጄን ሆሮክስ በጭራቅ የምትገዛ ልጅ ሆና ይተውናሉ። «ያጠረው ተረት» በተባለው ክፍል ደግሞ ተራኪው ራሱ ባለታሪክ ነው፤ ለንጉሥ በየቀኑ አንድ አዲስ ተረት ሊነግር ተዋውሎ በመጨረሻው ቀን አንድም ተረት ያጣል።

ቀጥሎም በግሪክ አፈ ታሪኮች ላይ የተመሠረቱ አራት ክፍሎች ተሠሩ፤ የተራኪውን ቦታ ማይክል ጋምቦን ያዘ፤ ውሻው ግን አልተለወጠም። ጂም ሄንሰን በግንቦት 1990 በ53 ዓመቱ በድንገት አረፈ። አውደ ጥናቱ ሥራውን ቀጠለ፤ ስቲቭ ባረን ከሄንሰን ሞት ጥቂት ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት ባወጣው የ«ኒንጃ ኤሊዎች» ፊልም የኤሊዎቹን አካል የሠራው ይኸው አውደ ጥናት ነበር። የአሻንጉሊትን ፊት በሙሉ አንድ ሰው በእጁ በሚይዘው መቆጣጠሪያና በኮምፒውተር አማካይነት እንዲያንቀሳቅስ የሚያስችለው የአውደ ጥናቱ ሥርዓት በ1992 የኦስካር የሳይንስና ምሕንድስና ሽልማት ተሰጥቶታል።

ዛሬ ኮምፒውተር ማንኛውንም ፍጡር በማንኛውም መጠን መሥራት ይችላል፤ የዚህ ክፍል ትምህርት ግን አላረጀም፤ እንዲያውም ዋጋው ጨምሯል። ማሳየት ሲረክስ፣ ምን ላለማሳየት መወሰን ነው ብርቁ ችሎታ። «ጃርቱ ሃንስ» የጃርቱን መለወጥ ለልዕልቲቱ ፊት፣ የዓመታትን ርዝመት ለአንድ ጫማ፣ የተመልካቹን ጥርጣሬ ለአንድ ውሻ፣ የቀረውን ሁሉ ለአንድ ሰው ድምፅ አደራ ሰጥቷል። አደራውን የበላ የለም።

ክፍሉን ከልጆች ጋር የሚያይ ሰው የቆዳው መቃጠል ለትንንሾች ሊያስፈራ እንደሚችል ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ አብሮ ቁጭ ብሎ ማየትና ጥያቄያቸውን መመለስ ይገባል። ሁለት ጊዜ ማየት የሚችል ደግሞ በሁለተኛው ጊዜ ተረቱን ትቶ ውሻውን ብቻ ይከታተል። የአገራችንን ተረቶች በምስል ለመሥራት ለሚያስቡ ወጣት ባለሙያዎችም ከዚህ ክፍል የሚወሰደው ምክር ግልጽ ነው። ከካሜራው በፊት ተራኪውን ፈልጉ፤ ተረቱን ያለ አንዳች ምስል በጨለማ ቢናገረው ሰው ቁጭ ብሎ የሚሰማው መሆኑን አረጋግጡ። ያን ፈተና ያለፈ ተረት ትንሽ ብርሃንና አንድ ጥሩ ዕቃ ይበቃዋል፤ ያን ያላለፈውን ግን የትኛውም ምስል አያድነውም።